በመሳቢያዬ የቀረው ማመልከቻ

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ወር ለወጣት የእግር ኳስ ተጫዋቾች በተዘጋጀ አንድ ስልጠና ላይ ስለ ክለብ አስተዳደር እንድናገር ተጋብዤ ነበር። ንግግሬን ጨርሼ ወረቀቶቼን ስሰበስብ፣ ከኋላ የተቀመጠ ዕድሜው ከአሥራ ዘጠኝ የማይበልጥ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ «ጋሼ፣ ክለቡ ደመወዝ ካልከፈለ ተጫዋቹ ታግሦ ይጫወት ወይስ መልቀቂያ ይጠይቅ?» አለኝ። ስለ ትዕግሥትና ስለ መወያየት ጥቂት ተናገርሁ፤ ልጁም አመስግኖ ተቀመጠ። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር አነጋሁ፤ ይህንኑ ጥያቄ ከዓመታት በፊት ሌላ ልጅ ጠይቆኝ፣ መልሴን አምኖ ብዙ ነገር አጥቷልና። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በዚህ ምክንያት ነው።

በ2011 ዓ.ም. ከፕሪምየር ሊጉ አንድ ደረጃ ዝቅ ባለው በከፍተኛ ሊግ ይወዳደር የነበረ የአንድ ከተማ ክለብ ጸሐፊ ነበርሁ። ያን ዓመት በሁላችንም ዘንድ የነበረውን ጉጉት ያላየ ሰው ሊረዳው ይቸግረዋል። በዋዜማው ዓመት ጅማ አባ ጅፋር ከከፍተኛ ሊግ ባደገ በዓመቱ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር በነጥብ እኩል ሆኖ በግብ ልዩነት የፕሪምየር ሊጉን ዋንጫ አንሥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየከተማው ያለ የክለብ ሰው ሁሉ «እኛስ ከማን እናንሳለን?» ይል ጀመር፤ እኔም አንዱ ነበርሁ። ውድድሩ በሦስት ምድብ ተከፍሎ ከየምድቡ አንደኛ የወጣው ብቻ የሚያድግበት ስለነበር፣ ሁለተኛ የወጣና መካከል ላይ የቀረ ቡድን ዕጣቸው አንድ ነበር።

የክለቡ ገንዘብ ከከተማው አስተዳደር የሚመደብ ነበር። ከሜዳ መግቢያ ትኬት የሚገኘው ለአንድ ጉዞ ነዳጅ እንኳ አይበቃም። በጀቱ ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ ተጫዋች የሚፈርመውም በዚያው ክረምት ስለሆነ፣ ትልቁ ድርሻ ገና አንድ ጨዋታ ሳይደረግ ለፊርማ ይወጣል። የቀረው እስከ የካቲት ካደረሰ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ደመወዝ ሁሉ የሚንጠለጠለው ምክር ቤቱ ተጨማሪ በጀት ያጸድቃል በሚል ተስፋ ላይ ነው። ይህ የእኛ ክለብ ብቻ ችግር አልነበረም፤ ዛሬም በብዙ ቦታ ያው ነው።

ስለዚያ ዓመት ሳስብ ከሁሉ አስቀድመው የሚታወሱኝ የካምፑ ምግብ አብሳይ ናቸው። ባለሱቁ የዱቤ መዝገቡን ዘግቶ «ከእንግዲህ በእጅ በእጅ ነው» ባለ ጊዜ፣ እኒያ ሴት ከቤታቸው ሽሮና በርበሬ በፌስታል ቋጥረው እያመጡ ሃያ አምስት ልጅ ለዘጠኝ ቀን መገቡ። የእርሳቸውም ደመወዝ እንደ ልጆቹ ሁሉ አልተከፈለም ነበር። ከቡድኑ ጋር ስማቸው ተጠርቶ የተመሰገኑበትን አንድ ቀን አላስታውስም፤ ይህም ከሚቆጨኝ ነገር አንዱ ነው።

ወደ ልጁ ልመለስ። በግራ መስመር የሚጫወት፣ ሃያ አንድ ዓመት የሞላው፣ በካምፑ ውስጥ ድምፁ የማይሰማ ልጅ ነበር። የውድድር አጋማሽ ዝውውር ሊዘጋ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ሐሙስ ቀን፣ ከልምምድ በቀጥታ ወደ ቢሮዬ መጣ። ታኬታውን በማሰሪያው አንጠልጥሎ በትከሻው ጣል አድርጎታል፤ ወለሉን እንዳያቆሽሽ በካልሲው ነበር የገባው። ከደብተር የተቀደደና አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት በሁለት እጁ ሰጠኝ። «ጉዳዩ፦ መልቀቂያ ስለ መጠየቅ» የሚለውን በማስመሪያ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል። የሦስት ወር ደመወዝ እንዳልተከፈለው፣ አንድ የፕሪምየር ሊግ ክለብ እንደ ጠየቀውና ክለቡ በሰላም እንዲያሰናብተው በሰባት መስመር ጽፏል። ስለ ማንም ክፉ ቃል አልነበረበትም።

በዚያው ጠዋት የፋይናንስ ኃላፊው ጠርቶኝ በጀቱ ማለቁን፣ ተጨማሪ በጀትም ዘንድሮ እንደማይጠበቅ ነግሮኝ ነበር። እያወቅሁ ልጁን እንዲህ አልሁት፦ «ልጄ፣ አሥር ጨዋታ ነው የቀረን። በሰኔ ደመወዝህን ሙሉውን ትቀበላለህ፤ ፕሪምየር ሊግም ከእኛው ጋር ትጫወታለህ። አሁን ብትሄድ ጓደኞችህን መካከል ላይ ጥለህ ሄድህ ይባላል።» ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና፣ «ጋሼ፣ እርግጠኛ ነዎት?» አለኝ። እርግጠኛ ነኝ አልሁት። «ወረቀቱስ?» ሲለኝ፣ «እኔ ዘንድ ይቀመጥ» ብዬ መሳቢያዬ ውስጥ ከትቼ ቆለፍሁበት። ወደ መዝገብ ቤት አልመራሁትም፤ ቁጥር አልተሰጠውም፤ «ገቢ» የሚል ማህተም አላረፈበትም።

ምን ነካኝ ብዬ ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄአለሁ። ክለቡን እወደው ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ቡድኑ ቢያድግ ስሜ ይነሣል ብዬም አስብ ነበር፤ ይህም እውነት ነው። ልጁ ከሄደ ሌሎቹ ይከተሉታል ብዬ ፈራሁ፤ ስለዚህ የእኛን የበጀት ጉድለት የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ተሸከመው።

ልጁ ቀረ፤ በሙሉ ልቡም ተጫወተ። እኛ ግን አላደግንም። በዚያ ዓመት ያደጉት ሰበታ ከተማ፣ ወልቂጤ ከተማና ሀዲያ ሆሳዕና ናቸው። በክረምቱ አመራሩ ተቀየረ፤ ያልተከፈለው ደመወዝም «የቀድሞው አመራር ዕዳ» ተብሎ ማንም የማይነካው ነገር ሆነ። ልጁ ቅሬታ ሊያቀርብ ሲሄድ፣ «ለክለቡ በጽሑፍ አመልክተህ ነበር ወይ? ቁጥሩና ቀኑ የት አለ?» ተባለ። ስልክ ደወለልኝ። እኔ በዚያን ጊዜ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛውሬ ነበርና፣ «እስቲ ልየውና እደውልልሃለሁ» አልሁት። አልደወልሁም። ልጆቼ፣ ከዋሸሁት ይልቅ ያልደወልሁት ነው ዛሬም የሚያንገበግበኝ። በቀጣዩ ዓመት በዚያው ሊግ ለሌላ ክለብ በትንሽ ገንዘብ ፈረመ፤ የ2012 ውድድር ግን በኮሮና ምክንያት በመካከል ተሰረዘ። ከዚያ በኋላ የጠራው ክለብ አልነበረም።

ስለ ልምምድ፣ ስለ እንቅልፍና ስለ ምግብ አልጽፍላችሁም፤ አሰልጣኞቻችሁ በየቀኑ የሚነግሯችሁ ነገር ነው። እኔ የማውቀው ወረቀት ነው። ለክለብ የምትሰጡትን ማንኛውንም ማመልከቻ በሁለት ቅጂ አዘጋጁ፤ አንዱን ለመዝገብ ቤት ስጡ፣ በሁለተኛው ላይ ቁጥርና ቀን አስጽፋችሁ፣ ማህተም አስደርጋችሁ ለራሳችሁ ያዙ። «እኔ ዘንድ ይቀመጥ» የሚላችሁ ሰው እንደ እኔ ሽበታም ቢሆን እንኳ እሺ አትበሉት። ውላችሁ ላይ ያለው ገንዘብ የተጣራ ይሁን ያልተጣራ ሳታረጋግጡ አትፈርሙ፤ በዚያን ጊዜ ከ10,900 ብር በላይ ባለው የደመወዝ ክፍል ላይ 35 በመቶ ግብር ይቆረጥ ስለነበር፣ ያላስተዋሉ ልጆች የመጀመሪያውን ፔሮል ሲያዩ ተዘረፍን ይሉ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በፊፋ የዝውውር ደንብ ውስጥ የገባ አንቀጽ አለ፤ ቢያንስ የሁለት ወር ደመወዝ ያልተከፈለው ተጫዋች በጽሑፍ አስጠንቅቆ ቢያንስ 15 ቀን ከሰጠ በኋላ ካልተከፈለው፣ ውሉን ለማቋረጥ በቂ ምክንያት አለው። የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ ሕግም የደመወዝ ጥያቄ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል ይላል። ታግሦ መጠበቅ መብትን እንደሚያሳጣ ያ ልጅ አላወቀም፤ አውቅ የነበርሁት እኔ ነበርሁ።

የዛሬ ልጆች ከእኛ ዘመን ልጆች ይልቅ ንቁ ናችሁ፤ ደስም ይለኛል። ነገር ግን አንድ ነገር አይዋጥልኝም፤ የአንድ ግብ ቪዲዮ በቲክቶክ ለመልቀቅ የምትደክሙትን ያህል፣ አምስት ገጽ ውል ለማንበብ አትደክሙም። በአንድ የስልክ ጥሪ ካምፕ ጥሎ ማደርም ልማድ እየሆነ መጥቷል። ደመወዝ አንድ ሳምንት ስለዘገየ ልምምድ የሚያቆም ልጅ አያስደስተኝም፤ ቡድን የሚቆመው በክፉ ቀን በሚቀሩ ሰዎች ነው። ያ ልጅ እንደዚያ ያለ ሰው ነበር፤ ቢሄድ ኖሮ ግን ይሻለው ነበር። ሁለቱንም አምናለሁ፤ እንዴት እንደሚታረቁ ገና አላገኘሁትም።

ከእናንተ መካከል ነገ የክለብ ጸሐፊ ወይም ቡድን መሪ የምትሆኑ አላችሁ። በእጃችሁ የሌለ ገንዘብ ቃል አትግቡ። በጀት ሲያልቅ ተጫዋቾቹን ሰብስባችሁ እውነቱን ንገሯቸው፤ መቅረት የሚፈልግ አውቆ ይቅር። በዚያው በ2011 ክረምት ፌዴሬሽኑና ክለቦች የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ተስማምተው ነበር። ጣሪያ መደንገጉን አልነቅፍም፤ ነገር ግን የተፈረመው በወሩ መጨረሻ ስለ መከፈሉ ያን ያህል ሲመከር አላየሁም፤ በከፍተኛ ሊግ ያሉትን ልጆች የጎዳቸው ደግሞ የደመወዝ መብዛት አልነበረም።

ጡረታ ስወጣ የግል ወረቀቶቼን በካርቶን አድርጌ ወደ ቤት ወስጄ ነበር፤ ከስልጠናው በተመለስሁ ማግስት ከፈትሁት። ማመልከቻው እንደ ታጠፈ ተቀምጧል። ልጁ በከተማው ባጃጅ እንደሚነዳ ሰምቼ ስለነበር ወደ ተራው ሄጄ አገኘሁት። እኔን ሲያይ ወርዶ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ፤ «ጋሼ» አለኝ እንደ ቀድሞው። ወረቀቱን ሰጥቼው ያደረግሁትን ሁሉ ነገርሁት፤ ይቅርታም ጠየቅሁት። የገዛ ጽሕፈቱን ቆሞ አነበበው፤ ከዚያ ጀርባውን ገልብጦ ማህተም የሚያርፍበትን ቦታ ለጥቂት ጊዜ ተመለከተ። ተራው ደርሶ ስለነበር ከኋላ ጡሩምባ ተነፋ። በእጥፋቱ ልክ መልሶ አጥፎ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተውና፣ «ወዴት ነዎት? ላድርስዎት» አለኝ።