የኋላ ጎሚኒ ለመቀየር የቱን መሣሪያ ልግዛ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። መኪናዬ የመጀመሪያው ቪትዝ ነው። ጉድጓድ ሲገባ ከኋላ "ቋ" ይላል። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ስወርድ ደግሞ ጥምዝ ላይ ኋላው ወደ ጎን የሚሄድብኝ ይመስለኛል። ባለፈው ዓመት ጋራዥ ወስጄ የኋላ አክስሉን ሁለቱንም ጎሚኒ አስቀይሬ ነበር። በትልቅ መዶሻ ሲመቱት ቆሜ አይቻለሁ። አምስት ወር ሳይሞላው ተቀደደ። አሁን ራሴ ልቀይረው ነው። ገበያ ላይ በሳጥን የሚሸጥ የጎሚኒ ማውጫና ማስገቢያ አለ፣ ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?
(የቪትዝ ባለቤት፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሳጥኑን አሁን አትግዛ። መጀመሪያ ጎሚኒው ለምን ቶሎ እንደተቀደደ እንይ፣ መሣሪያው የሚመረጠው ከዚያ ተነስቶ ነው።

ጎሚኒ የኋላ አክስሉን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው ነው። የአንተ ጎሚኒ ሦስት ነገር ነው። ውጪው የብረት ቀለበት ነው፣ መሃሉ ላስቲክ፣ ውስጡ ደግሞ ቡሎኑ የሚያልፍበት የብረት ቱቦ። ላስቲኩ ከሁለቱም ብረት ጋር ተጣብቋል። አክስሉ ወደ ላይና ወደ ታች ሲል የሚንሸራተት ነገር የለም፣ ላስቲኩ ራሱ ነው የሚጠመዘዘው። ስለዚህ ጎሚኒ ሲገባ መገፋት ያለበት በውጪው ቀለበት ጠርዝ ብቻ ነው። በመዶሻ ሲመታ ግን ምቱ ላስቲኩ ላይ ወይም መሃሉ ቱቦ ላይ ያርፋል፣ ማጣበቂያው ገና ከመነሻው ይላቀቃል። ዓይን አያየውም። መኪናው ከጋራዥ ሲወጣም ድምፅ የለውም። ከወራት በኋላ ነው "ቋ" ማለት የሚጀምረው።

እንግዲህ የምትፈልገው ቀጥ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ፣ ጠርዙን ብቻ የሚገፋ ነገር ነው። በሳጥን የሚሸጠውም ሥራው ይኸው ነው፤ አንድ ጥርስ ያለው ዘንግ፣ የተለያየ ስፋት ያላቸው ቀለበቶች፣ ሁለት ዳዶ። ችግሩ ቀለበቶቹ ለብዙ ዓይነት መኪና ስለተሠሩ ለአንተ ልክ የሚሆነው ላይኖር ይችላል። አንድ ሚሊ ሜትር ስትሰፋ አክስሉን ትነካለች፣ አንድ ሚሊ ሜትር ስትጠብ ላስቲኩ ላይ ትቀመጣለች።

አዲሱን ጎሚኒ ገዝተህ በካሊፐር፣ ማለትም ስፋትና ውፍረት በሚለካው መለኪያ፣ ለካው። የውጪውን ስፋትና የጠርዙን ውፍረት ጻፍ። ከዚያ ወረቀቱንም ጎሚኒውንም ይዘህ ቶርኖ ቤት፣ ብረት እያሽከረከሩ የሚቀርጹበት፣ ሂድ። ሁለት ነገር አሠራ። አንዱ የሚገፋው ቀለበት ነው፣ ስፋቱ ከጎሚኒው ውጪ በትንሹ አነስ ይበል፣ ውስጡ ተቦርቡሮ ላስቲኩን እንዳይነካ። ሌላው የሚቀበለው ነው፣ ወፍራም ቱቦ፣ አሮጌው ጎሚኒ ወደ ውስጡ እንዲወጣ ሰፋ ያለ፣ ቁመቱም ከጎሚኒው የሚበልጥ። ጫፉ ፍጹም ቀጥ ብሎ መቆረጥ አለበት፣ ይህን ባለ ቶርኖውን አደራ በለው። ጠመም ካለ ጎሚኒው ተንጋዶ ይገባና አክስሉን ይፍቀዋል።

አሁን ዘንጉ። እዚህ ላይ ገንዘብ አትቆጥብ። ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የሚገዛው ተራ ጥርስ ያለው ዘንግ ብዙ ጊዜ የጥንካሬ ቁጥሩ 4.8 የሚባለው ነው። በካሬ ሚሊ ሜትር 400 ኒውተን ገደማ ሲጎተት ይበጠሳል። 8.8 የተጻፈበት ደግሞ 800 ገደማ ይችላል፣ እጥፍ ማለት ነው። እኔ አንድ ጊዜ በተራው ሞክሬ ጎሚኒው ግማሽ ላይ ሲደርስ የዘንጉ ጥርስ ተላጠ። ዳዶው ወደ ፊትም ወደ ኋላም እምቢ አለ፣ ዘንጉን በሴጌቶ ቆርጬ ነው የወጣሁት። እና 8.8፣ ከተገኘም 10.9 ውሰድ። ውፍረቱ በውስጠኛው ቱቦ የሚያልፈውን ያህል ይሁን። ጥርሱን ግራሶ ቀባው። ከዳዶው ሥር ወፍራም ራንዴላ አድርግ፣ ከአሮጌ መለዋወጫ የተገኘ ጠፍጣፋ ኩሽኔታ (ዳዶው በቀላሉ እንዲዞር የሚያደርግ) ብታስገባበት ደግሞ ጉልበትህ በግማሽ የቀነሰ ይመስልሃል።

ቡሶላ፣ የቡሎን ራስ ላይ የሚገባው መፍቻ፣ ባለ 6 ጎን ይሁን፣ ባለ 12 ጎኑ የዛገ ቡሎን ራስ ያበላሻል። 14፣ 17፣ 19 ያዝ፣ ለጎማው ደግሞ 21። ረጅም እጀታ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ የዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይ። ስፕሬዩን ማታ ነፍተህ እደር፣ ጠዋት ላይ ነው የሚሠራልህ።

አሮጌው እምቢ ካለ መዶሻ አታንሳ። መጀመሪያ ላስቲኩንና መሃሉን አውጣ። ከዚያ የሴጌቶውን ምላጭ ፈትተህ በቀዳዳው አሳልፈው፣ መልሰህ እሰረውና የውጪውን ቀለበት በቁመቱ ቁረጠው። ቀስ በል። ብረቱን በስቶ አክስሉን ሊነካ ሲል ድምፁ ይለወጣል፣ እዚያ ላይ አቁም። ቀለበቱ ወደ ውስጥ ሰብሰብ ሲል በቀላሉ ይወጣል። ላስቲኩን በእሳት የሚያቃጥሉ አሉ። ጭሱ መርዝ ነው፣ ከጎኑም የፍሬን ቱቦ አለ፣ ተው።

የደብረ ብርሃን ውርጭ ይጠቅም እንደሆነ የሚጠይቁኝ ስላሉ ልጨምር። ጎሚኒውን ውጪ አሳድሮ ጠዋት ማስገባት ክፉ አይደለም፣ ግን ብዙ አትጠብቅበት። 60 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ብረት በ30 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ የሚቀንሰው 0.02 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ይልቅ የአክስሉን ቀዳዳ በሽቦ ብሩሽ አጽዳና ጎሚኒውን የሳሙና ውኃ አስነካው። ግራሶ ወይም የሞተር ዘይት አይደለም! ላስቲክ ዘይት ሲነካው ያብጣል።

ከሁሉ በፊት ደግሞ መኪናውን የሚይዝ ነገር። ክሪክ ማንሻ እንጂ መያዣ አይደለም። ሁለት ካቫሌቶ፣ መኪና ተነስቶ የሚቀመጥበት የብረት መደገፊያ፣ ግዛ፣ የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ ወይም በእንጨት አግድ። ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ ሥራ፣ ክረምት የጠገበ ግቢ ላይ ካቫሌቶ ይሰምጣል። አክስሉን ከፊቱ ዝቅ ስታደርግ የፍሬን ጎማ ቱቦው እንዳይወጠር ከመያዣው አላቀው። ሳጥኑን ብትተው የሚተርፍህን ገንዘብ ካቫሌቶ ላይ አውለው፣ በዚህ አልደራደርም።

አሮጌውን ከማውጣትህ በፊት በየት በኩል እንደዞረ አክስሉ ላይ በቀለም ምልክት አድርግ። ላስቲኩ ውስጥ ክፍት ቦታ ያላቸው ጎሚኒዎች አቅጣጫ አላቸው፣ ዞሮ የገባ ቶሎ ያልቃል። ሁለቱንም ጎን በአንድ ቀን ቀይር።

መዶሻው ብቻውን አይመስለኝም ያጠፋው፣ ሁለተኛ ጥርጣሬ አለኝ። መኪናው ተንጠልጥሎ እያለ ቡሎኑን አጥብቀውት ይሆናል። ያኔ ላስቲኩ የተንጠለጠለውን አቋም "ቀጥ ያለ" ብሎ ይይዛል፣ መኪናው መሬት ሲወርድ ቆሞ እንኳ እንደተጠመዘዘ ይውላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሥራ ሳትጀምር መኪናው መሬት ላይ ሳለ ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በሜትር ለክተህ ጻፍ። ስትጨርስ ቡሎኑን በእጅ ብቻ አስገባ፣ አክስሉን በክሪክ ከሱስታው ሥር አንሳ፣ ያ ልክ ሲመጣ አጥብቅ። የቶርክ ሬንች፣ የሚጠብቅበትን ኃይል የሚለካ መፍቻ፣ ተዋስ፣ ልኩን ከመኪናው መጽሐፍ እይ።

ጥያቄ፦ ሸዋ ሮቢት ነው ያለሁት። ፒክአፔ ኋላው ባሌስትራ (ተደራራቢ የብረት ሱስታ) ነው። ለእሱም ይህ ሁሉ ጣጣ አለው? እኔ ዕድሜዬ ገፍቷል፣ ጉልበት የለኝም።
(አንድ አባት)

መልስ፦ አባቴ፣ የእርስዎ ይቀላል። በብዙ ፒክአፕ የባሌስትራው ጎሚኒ ሁለት ቁራጭ ነው፣ ከግራና ከቀኝ በእጅ ይገባል፣ ፕሬስ አይፈልግም። ሳሙና ውኃ በቂ ነው። አንዳንዱ ግን ከፊት በኩል ባለው ዓይን፣ ማለትም በባሌስትራው ጫፍ ባለው ቀለበት፣ ባለ ብረት ጎሚኒ አለው፣ እሱ ከላይ እንዳልኩት በዘንግ ነው የሚገባው። ከባዱ ነገር ሌላ ነው፤ ባሌስትራ ተጭኖ ሳለ ቡሎኑ ከተፈታ ይዘላል፣ እጅ ይሰብራል። ሻሲው በካቫሌቶ ይያዝ፣ አክስሉ በክሪክ ለብቻው ይደገፍ፣ ቡሎኑ በእጅ ሲሽከረከር ያኔ ጭነቱ ወርዷል ማለት ነው። ይህን ብቻዎን አይሥሩት፣ ልጅ ወይም ጎረቤት ከጎንዎ ይኑር።

ጥያቄ፦ ጠንካራ ቀይ ወይም ቢጫ ጎሚኒ፣ ፖሊዩሬታን የሚሉት፣ ከላስቲኩ ይሻላል?
(ከደብረ ሲና)

መልስ፦ ይጠነክራል፣ ዘይትም አይጎዳውም፣ መግጠሙም ይቀላል። ግን የመንገዱን ንዝረት ወደ ውስጥ ያስገባል፣ የሲሊኮን ግራሶም ይፈልጋል፣ ካልተቀባ ይጮኻል። ለቤት መኪና እኔ ላስቲኩን ነው የምመርጠው። የላስቲኩ ጥራት ግን ይለያያል። ሱቅ ውስጥ ስትይዘው መሃሉን ቱቦ በሁለት ጣት ገፋ አድርግና ላስቲኩ ከብረቱ የሚላቀቅበት ስንጥቅ ካለ መልሰህ ስጠው፣ ሌላ አውጣልኝ በል።