ፕለጊኔ ላፕቶፔ ላይ ተሠርቶ ሰርቨሩ ላይ ለምን አይነሳም?

አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ለማይንክራፍት የመጀመሪያ ፕለጊኑን (ጨዋታው ላይ አዲስ ነገር የሚጨምር ትንሽ ፕሮግራም) ጽፏል። 8 ጊጋ ራም ባለው ላፕቶፕ ላይ ኮድ መጻፊያውን ኢንቴሊጄ አይዲያንና የፕሮግራም ቋንቋውን ጃቫ 21ን ጭኗል። ፕሮጀክቱን የከፈተው ማይንክራፍት ዴቨሎፕመንት በሚባለው የኢንቴሊጄ ማሟያ ነው። ኮዱን ወደ ፕሮግራም የሚቀይረው መሣሪያ ግሬድል ያለ ምንም ቅሬታ ጃር ፋይሉን፣ ማለትም ያለቀውን ፕለጊን፣ አውጥቶለታል። ጃሩን ጓደኞቹ የተከራዩት የፔፐር (ፕለጊን የሚቀበል የማይንክራፍት ሰርቨር) ሰርቨር ላይ ሲያስገባው ግን ፕለጊኑ አይነሳም። የሰርቨሩ ማይንክራፍት ቨርዥን 1.20.4 ነው፤ የሚያወጣው ኢረር ውስጥ 65 እና 61 የሚሉ ቁጥሮች አሉ። ተማሪው ኮዱን ደጋግሞ አይቶ ስህተት አጥቷል። በዚያ ላይ ግሬድል የሞባይል ዳታውን እየጨረሰበት ነው።

ወንድሜ፣ ኮድህን ተወው፤ ችግሩ እሱ ጋ አይደለም። ኢረሩን ግን በደንብ አንብበህ ቁጥሮቹን መላክህ ሥራዬን አቅልሎልኛል።

እያንዳንዱ ኮምፓይል የተደረገ (ጃቫ ወደሚያስኬደው መልክ የተቀየረ) የጃቫ ፋይል በየትኛው ጃቫ እንደተሠራ የሚናገር ቁጥር ይዞ ይወጣል። ከቁጥሩ ላይ 44 ቀንስ፣ የጃቫውን ቨርዥን ታገኛለህ። 65 ማለት ጃቫ 21 ነው፤ 61 ደግሞ ጃቫ 17። ሰርቨሩ የሚለው እንግዲህ ይሄ ነው፦ ፕለጊንህ የተሠራው ለጃቫ 21 ነው፣ እኔን የሚያስነሳኝ ጃቫ ግን 17 ነው። አዲስ ጃቫ አሮጌ ፋይል ያነባል፤ አሮጌው ግን አዲሱን አያነብም።

ፕለጊን መሥራት ሲጀመር ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። ጃቫን ስንጭን አንድ ነገር የጫንን ይመስለናል። በተግባር ግን ሦስት ቦታ ላይ ጃቫ አለ። አንዱ ግሬድል ራሱ የሚሠራበት ነው። ሁለተኛው ኮድህ ኮምፓይል የሚደረግለት ቨርዥን ነው። ሦስተኛው ሰርቨሩን የሚያስነሳው ነው። የመጀመሪያው ካንተ ፕለጊን ጋር ብዙም ጉዳይ የለውም፤ ጃቫ 21 ላይ ለመሮጥ ግሬድል 8.5 ወይም ከዚያ በላይ መሆኑን ብቻ አረጋግጥ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን መስማማት አለባቸው።

ማይንክራፍት 1.20.4 ቢያንስ ጃቫ 17 ይፈልጋል። ከ1.20.5 ጀምሮ፣ ማለትም ከእ.ኤ.አ. 2024 ሚያዝያ ወዲህ፣ ዝቅተኛው ጃቫ 21 ሆኗል። ሰርቨሩ ያንተ ቢሆን 1.20.4ንም በጃቫ 21 ማስነሳት ትችል ነበር፤ ይሠራል። የኪራይ ሰርቨር ስለሆነ ግን የሚሻለው የፕለጊንህን ጃቫ ዝቅ ማድረግህ ነው።

አዲስ ጃቫ አታውርድ። የግሬድል ቅንብር ያለበትን የቢልድ ግሬድል ፋይልህን ክፈት። ማሟያው ፕሮጀክቱን ሲፈጥር ታርጌት ጃቫ ቨርዥን የሚል መስመር አስቀምጦልሃል። እዚያ ያለውን 21 ወደ 17 ቀይረው። መስመሩን ካጣኸው፣ ጃቫ ኮምፓይል በሚባለው ታስክ (ግሬድል የሚያከናውነው አንድ ሥራ) ሥር ሪሊስ የሚለውን ኦፕሽን 17 አድርግ። ሪሊስን የምወደው ቁጥሩን ብቻ ስለማይቀይር ነው። ጃቫ 17 ላይ የሌለ ነገር ከተጠቀምክ እዚያው ኮምፓይል ስታደርግ ይነግርሃል። ለምሳሌ የሊስት የመጀመሪያውን ዕቃ የምታወጣበት ጌት ፈርስት ጃቫ 21 ላይ የመጣ ነው። ሪሊስ 17 ከሆነ ገና ላፕቶፕህ ላይ በቀይ ይታይሃል። አለበለዚያ ጓደኞችህ ጨዋታ ላይ እያሉ ሰርቨሩ ላይ ነው የሚፈነዳብህ።

በዚያው ፋይል ውስጥ የፔፐር ኤፒአይን (ኮድህ ሰርቨሩን የሚያነጋግርበትን ላይብረሪ) ቨርዥንም ተመልከት። 1.20.4 መሆን አለበት። የ1.21ን ትተህ ጃቫውን ብቻ ወደ 17 ካወረድክ ግሬድል ኤፒአዩን አልቀበልም ይልሃል፣ ምክንያቱም እሱ ራሱ ጃቫ 21 ይፈልጋል። ኤፒአዩ የሚገባውም ኮምፓይል ኦንሊ በሚለው መስመር ነው። ሰርቨሩ የራሱ ስላለው ጃርህ ውስጥ መጠቅለል የለበትም።

ፕለጊንህን ለሰርቨሩ የሚያስተዋውቀው ፕለጊን ያምል የሚባለው ፋይልም ውስጥ ኤፒአይ ቨርዥን የሚል መስመር አለ። 1.20 ይሁን። 1.21 ብለህ ከተውከው ሰርቨሩ ጃቫው ተስተካክሎም ይመልስሃል። እዚያ ፋይል ውስጥ ታብ አትጠቀም፣ ስፔስ ብቻ። ሜይን የሚለውም ከፓኬጁ ስም ጀምሮ እስከ ክላሱ ስም ፊደል በፊደል መግጠም አለበት፤ ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያል።

አሁን እንደገና ቢልድ አድርግ። አዲሱን ጃር ከማስገባትህ በፊት አሮጌውን ከፕለጊንስ ፎልደሩ አጥፋው፤ አንድ ስም ያላቸው ሁለት ፕለጊኖች ሲገጥሙት ሰርቨሩ ይደናገራል። ከዚያ ሰርቨሩን ዘግተህ አስነሳው። ሰርቨሩን ሳይዘጋ ፕለጊኖቹን እንደገና የሚጭነውን ሪሎድ የሚለውን ትእዛዝ እባክህ አትልመደው። አሮጌውን ኮድ ከሜሞሪ በትክክል አያወጣም፤ በሌለ ስህተት ቀኑን ሙሉ ስትለፋ ትውላለህ።

እንዲያውም ሙከራህን በጓደኞችህ ሰርቨር ላይ አታድርግ። ራን ፔፐር የሚባል የግሬድል ፕለጊን አለ። እሱን ከጨመርክ ራን ሰርቨር በሚል አንድ ታስክ ፕለጊንህ የገባበት ሰርቨር እዚያው ላፕቶፕህ ላይ ይነሳል። የሰርቨሩን ቨርዥን እዚያም 1.20.4 በለው። መጀመሪያ ሲነሳ ይቆማል፤ ኢዩላ (የአጠቃቀም ስምምነቱ) የሚለውን ፋይል ከፍተህ ፎልስን ወደ ትሩ ቀይር። ለ8 ጊጋ ላፕቶፕ ለሰርቨሩ 2 ጊጋ ስጠው፣ ቪው ዲስታንሱን (ጨዋታው ውስጥ የሚታየውን ርቀት) ወደ 4 አውርድ፣ ዓለሙንም ፍላት (ሜዳማ) አድርገው። ጨዋታውን ስታስነሳ ላፕቶፑ ከከበደው ከጀርባ የቀረ ግሬድል ሊኖር ይችላል። ሥራ ፈትቶም እስከ 3 ሰዓት ሜሞሪ ይዞ ይቆያል፤ ተርሚናል ላይ ከግሬድል ትእዛዙ ጋር ስቶፕ የሚለውን አማራጭ ጨምረህ ዝጋው።

ወደ ዳታው ልምጣ። ግሬድል አንዴ ያወረደውን ያስቀምጣል። የፔፐር ኤፒአይ ግን ስናፕሾት (ገና ሊለወጥ የሚችል ቨርዥን) ተብሎ ስለሚወጣ፣ ግሬድል 24 ሰዓት ባለፈ ቁጥር አዲስ ነገር አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል። መጀመሪያ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሄደህ አንዴ ቢልድ አድርግ፣ ራን ሰርቨሩንም አንዴ አስነሳው። ከዚያ በኋላ ኢንቴሊጄ ላይ የግሬድሉን መስኮት ክፈትና ኦፍላይን ሞድ የሚለውን ተጫነው። ኮድህን ስትቀይርም ሆነ ቢልድ ስታደርግ ግሬድል ኢንተርኔት አይነካም። አዲስ ላይብረሪ የጨመርክ ቀን ብቻ ኦፍላይን ሞዱን መልሰህ አጥፋው፤ ያኔ ከረሳኸው ላይብረሪውን አላገኘሁም የሚል ኢረር ያወጣብሃል።

ጓደኞችህ ሰርቨሩን ወደ 1.21 ሲያሳድጉ የምትቀይራቸው ቦታዎች አራት ናቸው፦ የጃቫው ቁጥር፣ የፔፐር ኤፒአዩ፣ ፕለጊን ያምል ውስጥ ያለው ኤፒአይ ቨርዥን፣ እና የራን ሰርቨሩ ቨርዥን። አራቱንም በአንድ ቀን ቀይራቸው።