ጣሪያው ያረጀ ቤት በ203 ኬ ብድር ስለመግዛት

ውድ ጠያቂ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ያገኙትን ጣሪያው ያረጀ ቤት፣ ከቅድመ ክፍያው በቀር ለጥገና ያጠራቀሙት ገንዘብ ሳይኖር መግዛት ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። ይቻላል፤ የአሜሪካ ፌዴራል የቤቶች አስተዳደር (ኤፍኤችኤ) ዋስትና የሚሰጠው 203 ኬ የተባለው ብድር የቤቱን ዋጋና የጥገናውን ወጪ በአንድነት የሚሸፍን ሲሆን፣ የክሬዲት ነጥባቸው (ብድርን በወቅቱ የመክፈል ታሪካቸውን የሚለካው ቁጥር) 580 እና ከዚያ በላይ የሆነ ገዢዎች በ3.5 በመቶ ቅድመ ክፍያ ሊወስዱት ይችላሉ፤ ነገር ግን ቤቱ ራስዎ የሚኖሩበት መሆን አለበት። የጥገናው ገንዘብ በእጅዎ አይሰጥም፤ ኤስክሮ በሚባለው የአደራ ሒሳብ ተቀምጦ ሥራው ሲጠናቀቅ ወይም እየታየ በየደረጃው ይለቀቃል፤ ተቋራጩ ክፍያውን ተቀብሎ ሥራውን ጥሎ እንዳይሄድ ስለሚያግዝ፣ ለጀማሪ ገዢ ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅሙ ይህ ይመስለኛል።

ችግሩ ጣሪያው ብቻ ከሆነ ለጥገና እስከ 75,000 ዶላር የሚፈቅደው ቀለል ያለው የ203 ኬ ብድር ዓይነት ይበቃዎታል። መሠረቱ ወይም ተሸካሚ ግድግዳው ተጎድቶ ከተገኘ ግን አማካሪ መቅጠርን የሚያስገድደው ሙሉው ዓይነት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ሻጩ ምንም ያህል ቢያጣድፍዎ፣ የባለሙያ ምርመራ ውጤት ካላረካዎት ውሉን ለመተው የሚያስችል አንቀጽ ሳይኖር እባክዎ አይፈርሙ። ቤቱ ከ1978 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ከሆነ፣ በተለይ ሕፃናት ካሉዎት፣ አሮጌው ቀለም ከመፋቁ በፊት እርሳስ (ሊድ) የተባለው መርዛማ ብረት ይኖርበት እንደሆነ ያስመርምሩ።