«ሽመላ ነህ» ተባልክ? ገንዘቡን ሳትከፍል ይህን አንብብ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ትናንት ማታ አይቼ ሌላ ሰው ይመልስለት ብዬ ተኝቼ ነበር፤ እንቅልፍ እምቢ አለኝና ተነሣሁ። ያልከው ይህን ነው፦ ለማስተርስ ቻይና፣ ጓንዡ ከተማ መጥተሃል፣ ረጋ ያልክና ዓይናፋር ነህ፣ አንድ የኩንግፉ ክለብ መጠይቅ አስሞልቶ «ጠባይህ የሽመላ ነው፣ የሽመላ ስልት ተማር» ብሎሃል፣ የስድስት ወሩን ባንዴ ከከፈልክ ቅናሽ አለው። ልክፈል ወይ?

አትክፈል። እኔ በዚያው ከተማ፣ በዚያው ዓይነት ወረቀት «ታይገር ነህ» ተብዬ ከፍዬ ነው ጣቴን ያጣሁት። ጣቱስ አለ፣ ግን እንደ ድሮው አይታጠፍም። በተራ ቁጥር ላስቀምጥልህ።

1. ሁለቱን የእንስሳት ዝርዝር አታምታታ። የልደት ዓመትህን ጠይቀውሃል አይደል? እኔንም ጠይቀውኛል። የተወለድኩት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው፤ በቻይኖች አቆጣጠር የታይገር ዓመት። እንግዳ መቀበያዋ ላይ ያለችው ልጅ ይህን ስታይ ሎተሪ እንደ ወጣለት ሰው አጨበጨበችልኝ። የዓመቶቹ እንስሳት ግን 12 ናቸው። የደቡቡ ሻኦሊን ኩንግፉ እንስሳት ደግሞ 5፦ ድራጎን፣ እባብ፣ ታይገር፣ ነብርና ሽመላ። ሁለቱም ዝርዝር ላይ ያሉት ድራጎን፣ እባብና ታይገር ብቻ ናቸው። የሽመላ ዓመት የሚባል የለም፣ የነብርም የለም። አንተን በየትኛው ሒሳብ ሽመላ እንዳደረጉህ እስቲ ጠይቃቸው።

እኔን ደግሞ አማርኛዬም ጉድ ሠርቶኛል። መጠይቁ «ራስህን ከየትኛው እንስሳ ጋር ታመሳስላለህ?» ሲል በስልኬ መተርጎሚያ «ነብር» ብዬ ጻፍኩ። ሰፈራችን ቁጡ ልጅ ነብር ነው የሚባለው፤ ያሰብኩትም የኛን አገር፣ ባለ ነጠብጣቡን ነው። ስልኩ ባለ መስመሩን አወጣው። እኛ ታይገር ስለሌለን ለሁለቱም አንድ ስም ሰጥተን እንኖራለን፣ እዚያ ግን ሁለት የተለያየ ትምህርት ናቸው። ነብሩ ጣቶቹን እስከ መሃል አጥፎ በአንጓው የሚመታ፣ ቸኳይ ነው። ታይገሩ ዝቅ ብሎ ቆሞ፣ ጣቱን ቆልምሞ የሚይዝና የሚቦጭቅ ነው። በትርጉም ስሕተት ታይገር ሆኜ ተመዘገብኩ ማለት ነው።

2. ስለ ጠባይ የሚያወሩትን ነገር ተጠንቀቅ። እንስሳቱን የሚመለከት የቆየ አባባል አለ፦ ድራጎን መንፈስን፣ ታይገር አጥንትን፣ ነብር ጉልበትን፣ እባብ «ቺ» የሚሉትን የውስጥ እስትንፋስ፣ ሽመላ «ጂንግ» የሚሉትን የሰውነት ስንቅ ያሠለጥናል ይላል። «ቁጡ ሰው ታይገር ነው፣ ዝምተኛ ሰው ሽመላ ነው» የሚል ነገር የለበትም። አባባሉ የሚናገረው እንስሳው ምን እንደሚገነባብህ ነው፣ አንተ ማን እንደሆንክ አይደለም። ጠባዩን ያመጣነው እኛ ነን፣ በልጅነታችን ቪዲዮ ቤት 50 ሳንቲም ከፍለን፣ አግዳሚ ላይ ተጣበን፣ «ይሄኛው እባብ ነው፣ ያኛው ንስር ነው» እየተባባልን ስንወጣ። ክለቡ ያንን የልጅነት ጨዋታ በወረቀት አትሞ ይሸጥልሃል።

ደግሞ ጓንዡና ጎረቤቷ ፎሻን አካባቢ፣ ያንተ እንስሳ ይሄ ነው ብሎ አንዱን ለብቻው ሊሸጥልህ የሚፈልግ ሰው ካገኘህ፣ ሁንግ ጋ የሚባለውን የዚህ አካባቢ ኩንግፉ አያውቅም ወይ አውቆ ነው። የሁንግ ጋ ዋናው ቅንብር የሚባለው «ፉ ሆክ ሱንግ ዪንግ» ነው፤ ታይገርና ሽመላ፣ ሁለቱ መልክ በአንድ ላይ። አሁን የምንሠራበትን መልክ በማስያዝ የሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ1847 ፎሻን አካባቢ የተወለደው ዎንግ ፌ ሁንግ ነው፤ በመጽሐፍ ያወጣው ደግሞ ተማሪው ላም ሳይ ዊንግ፣ የአሳማ ሥጋ ሻጭ የነበረው ሰውዬ። ታይገሩን ብቻ ልማር ማለት ማኅሌት ቆሞ ከበሮውን እፈልጋለሁ፣ ጸናጽሉን ወዲያ በሉልኝ እንደ ማለት ነው። እኔ ያልኩት እንደዚያ ነው።

3. ፋፕያኦ፣ ሕጋዊውን ደረሰኝ፣ ጠይቅ። ይህ ከሁሉም በላይ ነው፣ ግን ታሪኩን ካልነገርኩህ አይገባህም።

እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ጨርቅና ልብስ ልጭን ጓንዡ ስመላለስ ቆይቼ ሻኦቤይ አካባቢ ክፍል ተከራይቼ ተቀመጥኩ። ማታ ማታ ሥራ የለም፣ ሆዴ ወጥቷል፣ በዚያ ላይ ከአቅራቢዎቹ ጋር ሁልጊዜ ጭቅጭቅ ነው። ክለቡ ገባሁ። «የታይገር ጥቅል» 4,800 ዩዋን፣ ስድስት ወር፣ የታይገር ሥዕል ያለበት ቲሸርት ጭምር። ከፈልኩ። ልጅቷ በእጅ የተጻፈች ሮዝ ብጣሽ ወረቀት ሰጠችኝ፤ ደረሰኝ መሰለችኝ፣ ኪሴ ከተትኳት።

አሠልጣኙ ወጣት ነው፣ ክፉ ልጅ አይደለም። በመጀመሪያው ሳምንት የፈረስ አቋቋም አስቆመኝ፤ ጉልበት ታጥፎ፣ ጀርባ ቀጥ ብሎ፣ ዝም ብሎ መቆም። በሁለተኛው ሳምንት ሰለቸኝ። «እኔ ታይገር ነኝ፣ ወረቀታችሁ ነው ያለው፣ ጥፍሩን አሳየኝ» አልኩት። ለጥፍሩ የሚሠራው ነገር አለ፦ የሸክላ ገንቦ አፉን በአምስት ጣት ጨብጠህ ታነሣለህ፣ ይዘህ ትራመዳለህ፣ ውስጡ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት አሸዋ ትጨምራለህ። ባዶውን ገንቦ ለወራት ነው የሚሠሩት። እኔ በሦስተኛው ሳምንት እስከ ግማሽ ሞላሁት፤ ልጁም ደንበኛ እንዳይሄድበት ዝም አለኝ። ጥፋቱ ግማሽ የኔ ነው፣ አልክድም።

በሦስተኛው ቀን የቀኝ እጄ የቀለበት ጣት ሥሩ ላይ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ አለ። ሐኪሙ ጅማቱን አጥንቱ ላይ አጣብቆ የሚይዘው ቀለበት ተቀዷል፣ ስድስት ሳምንት ታስሮ ይቀመጥ አለኝ። ስድስት ሳምንቱ አራት ወር ሆነ። አራት ወር ሙሉ በቀኝ እጄ እንጀራ መቁረስ አልቻልኩም። ሐበሻ ቤት ገብቼ በግራዬ ስጎርስ የሰው ዓይን ምን እንደሚመስል ልንገርህ? መጨረሻ ላይ ፍርፍር በማንኪያ እያዘዝኩ ጥግ ጥጉን መቀመጥ ጀመርኩ። እናቴ በቪዲዮ ስታየኝ «ማን መታህ?» አለች። ገንቦ ነው ብዬ እንዴት ልንገራት።

የቀረውን አምስት ወር ክፍያ መልሱልኝ ብዬ የታሰረ ጣቴን ይዤ ሄድኩ። ያቺ ያጨበጨበችልኝ ልጅ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሣ «ፈርመሃል» አለችኝ። ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ነው። በማግሥቱም ስብሰባ ላይ ነው። በሳምንቱ መስተዋቱ ውስጥ ኑድል ሲበላ እያየሁት ስብሰባ ላይ ነው። የተጠቃሚዎች አቤቱታ የሚቀበለው 12315 ጋ ጓደኛዬ ደወለልኝ። እዚያ ያነጋገሩን ሰዎች ትሑት ናቸው፤ መጀመሪያ የጠየቁት ፋፕያኦ አለህ ወይ ነው። ፋፕያኦ ማለት ግብር የሚታወቅበት ሕጋዊ ደረሰኝ ነው። የኔዋ ሮዝ ብጣሽ የከፋዩ ስም እንኳ የላትም። 4,800ው በዚያው ቀረ። ቲሸርቷን ለመስኮት መወልወያ አድርጌያታለሁ።

4ኛው ላይ ነኝ መሰለኝ። ቁጥሩን ተወው።

ጨርቅ የማመጣበት ቻይናዊ ጣቴን አይቶ አዘነልኝና ፎሻን ያሉ አጎቱ ጋ ወሰደኝ። ሰውየው ወጌሻ ናቸው። ይህ አይግረምህ፤ በዚህ መንደር ወጌሻነትና ኩንግፉ አብረው ነው የኖሩት። ዎንግ ፌ ሁንግም ወጌሻ ነበር፣ ጓንዡ ውስጥ ፖ ቺ ላም የሚባል መድኃኒት ቤት ነበረው። አዛውንቱ ቡናማ፣ አልኮልና ሥራሥር የሚሸት መድኃኒት ጣቴ ላይ እያሹ ታሪኬን ጠየቁኝ። ወረቀቱን ስነግራቸው ሳቃቸው እጃቸው ላይ ያለውን ጠርሙስ ሊያስጥላቸው ነበር። ከዚያ «በአንድ እግርህ ቁም» አሉኝ። አሥር ሳልቆጥር ወደቅሁ።

የወንድማቸው ልጅ፣ ያው ጨርቅ ሻጩ፣ የተረጎመልኝ እንዲህ ነው፦ ታይገሩስ አለህ፣ መቆም ነው የጎደለህ። ለአንድ ዓመት ሽመላ ሰጡኝ። አምስቱን ጣት እንደ ምንቃር ገጥሞ መንካት፣ ክንፍ ዘርግቶ የመጣውን ዱላ ወደ ጎን ማሳለፍ፣ አንድ እግር አንሥቶ መጠበቅ። መጠበቁ ነው የገደለኝ። ወር የሚከፈለው 300 ዩዋን ነበር፣ ቅድሚያ ክፍያ የሚባል ነገር የለም፣ ስትቀር አትከፍልም።

ስለ ሽመላ የሚነገረውን አፈ ታሪክም የሰማሁት ያኔ ነው። ፉጂያን ውስጥ ፋንግ ቺኒያንግ የምትባል ሴት ነበረች ይባላል። ሽመላ መጣባትና በዱላ ልታባርራት ሞከረች። ወፏ ዱላውን ዞር ብላ ታሳልፋለች፣ በክንፏ ትገፋለች፣ አትሸሽም፣ አትናደድም። ሴትዮዋ ደከማት። ነጭ ሽመላ የሚባለው ስልት ከዚያ መጣ ይላሉ። አዲስ አበባ ጎጁ ሪዩ ካራቴ ከሠራህ የዚህ ዘመድ ነው፤ የጎጁ አባት የሚያጊ መምህር ሂጋኦና ከኦኪናዋ ተነሥቶ የተማረው እዚያው ፉጂያን፣ ፉዡ ከተማ ነው። በታሪኩ ውስጥ ማን ነው ቁጡ የነበረው? ሴትዮዋ። ለቁጡዋ ነው ሽመላው የመጣላት።

ለዚህ ነው ያንተ ነገር ያሳሰበኝ። ዓይናፋር ነኝ፣ ረጋ ያልኩ ነኝ አልክ። ሽመላ ከሰጡህ በለመድከው ጎዳና ላይ ያስሮጡሃል፤ ታመልጣለህ፣ ትጠብቃለህ፣ ደስ ይልሃል፣ ስድስት ወር ያልቃል። አዛውንቱ ዘንድ አንዲት የባንክ ሠራተኛ ነበረች፣ ስሟን ስትናገር እንኳ ጆሮህን ማስጠጋት አለብህ። የሰጧት ታይገር ነው፤ ዝቅ ብላ ቆማ፣ ከሆዷ ድምፅ እያወጣች፣ በሰው ፊት፣ መናፈሻ መሃል። በመጀመሪያው ሳምንት አለቀሰች። በስድስተኛው ወር እኔን በክንዷ ገፍታ አጥር ላይ አስደግፋኛለች፤ ይህን ስጽፍ አላፍርም። አንተም እንደ እኔ ነህ፣ እመነኝ። የኔ ቁጣና ያንተ ዝምታ ለየቅል ይመስላሉ እንጂ ሁለቱም ፍርሃት ናቸው፤ መጀመሪያ ቀን ስፓሪንግ፣ የልምምድ ፍልሚያ፣ ስንገባ እኔ «ታይገሩ» ዓይኔን ጨፍኜ ነው ወደ ፊት የሮጥኩት።

የኔ ሽመላ ያመጣልኝን ደግሞ ልንገርህ፣ ትንሽ ልኩራ። ገበያ ላይ ዋጋ ሲጠሩብኝ ድሮ እጮህ ነበር። አሁን ዝም ብዬ እቆማለሁ። ሻጩ ራሱ ነው የሚቀንሰው። ክለቡ የወሰደብኝን 4,800 በሜትር ጨርቅ ከመለስኩ ቆይቷል። በሁለተኛው ዓመት ታይገሩን መልሰው ጨመሩልኝ፤ ገንቦውን ግን እስካሁን ባዶውን ነው የማነሣው። በሦስተኛው ዓመት በሁለት እጄ ሻይ አቅርቤላቸው ተቀብለው ጠጡ፤ በነሱ ሥርዓት ያን ቀን ነው ተማሪያቸው የሆንኩት፣ ያኔ ነው «ሲፉ»፣ መምህሬ፣ ብዬ የጠራኋቸው። ልጅቷ ስታጨበጭብልኝ እንዲህ አልተሰማኝም።

አሁን ምን ታደርጋለህ? ቅዳሜ ሜትሮ ያዝና ፎሻን፣ ዙሚያኦ ጣቢያ ውረድ፣ ከጓንዡ ቀጥታ ባቡር ነው። የጥንቱ ቤተ መቅደስ ግቢ ውስጥ የዎንግ ፌ ሁንግ መታሰቢያ አለ፣ እሱን እይ። ከዚያ ከእሑድ ንጋት 12 ሰዓት ጀምሮ መናፈሻዎቹን ዙር። ማንንም «እኔ የቱ እንስሳ ነኝ?» ብለህ አትጠይቅ። ቆመህ እይ። አዲስ የመጣውን ተማሪ እግሩን የሚያስተካክል፣ ጉልበቱ ከጣቶቹ አቅጣጫ ወጥቶ ወደ ውስጥ ሲወድቅ በእጁ የሚመልስ ሰው ካየህ እሱ ጋ ቆይ። ጥፍርና ምንቃር በመጀመሪያው ቀን የሚያሳይህን ግን ሰላም ብለህ እለፈው።

ከፍለህ ከሆነም ዛሬውኑ ተመለስና ስምህ ያለበት ፋፕያኦ አስቆርጥ። «ነገ ና» ካሉህ እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጥ፣ አትጩህ፣ ኑድሉን በልቶ እስኪጨርስ ጠብቀው።