መልስ፦ ፍኖተ ሰላም ላይ ሳይኮሎጂስት ከየት ይገኛል?

ሰላም ወንድሜ። እህትህ እንቅልፍ አጥታለች፣ ከሰው ርቃለች፣ ከተማው ውስጥ ደግሞ «ሳይኮሎጂስት» የሚል ታፔላ የለም ብለሃል። ታፔላ አትፈልግ። ሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ገብተህ የአእምሮ ጤና ክፍሉን ጠይቅ። በእንዲህ ዓይነት ከተማ መጀመሪያ የምታገኘው አብዛኛውን ጊዜ የሳይካትሪ ነርስ፣ ማለትም በአእምሮ ሕክምና የሠለጠነ ነርስ ነው። መርምሮ መድኃኒት ያስጀምራል፣ ከአቅሙ በላይ ከሆነ ሪፈር ይጽፋል። የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለ ዕጢ) እና የደም ማነስ ምርመራም አሠሩላት፤ የሁለቱም ችግር ድብርት ሊመስል ይችላል።

የጤና መድህን ካላችሁ ግን ሆስፒታል ከመሄዳችሁ በፊት ከጤና ጣቢያ ጀምሩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ሪፈር ሳይዝ በቀጥታ ባሕር ዳር ይሄድና ከኪሱ ይከፍላል። የመድህን ደብተሩ መታደሱንም ቀድመህ እይ።

የንግግር ሕክምና የሚሰጥ ባለሙያ ለማግኘት ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ሳይኮሎጂ ትምህርት ክፍል ጠይቅ። መምህራኑ ማን እንደሚሠራ ያውቃሉ። ስታገኘው የሙያ ፈቃዱን ጠይቅ፤ በሳይኮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ መያዝ ማከም ያስችላል ማለት አይደለም። የመጀመሪያው ቀን በአካል ይሁን፣ ቀሪውን በስልክ መቀጠል ይቻል እንደሆን ተነጋገሩ። መንገዱ ሲያደክም ሰው ከሁለተኛው ቀጠሮ በኋላ ይቀራል።

ጠበል ብትሄድ ችግር የለውም፣ መድኃኒቱን ግን አታቋርጥ።

«መኖር አልፈልግም» ካለች ሪፈርም ቀጠሮም አትጠብቁ፤ ብቻዋን ሳትተዋት ድንገተኛ ክፍል ውሰዳት።