ቅጣቱን ከመክፈላችሁ በፊት፦ ለወጣት አሽከርካሪዎች

ውድ ልጆቼ፣

የትራፊክ ቅጣት ወረቀት የደረሰው ወጣት መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ነው?» ብሎ ነው። የሚጠይቀውም ስለ ገንዘቡ ነው። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት መኪና መንዳት በማስተማር፣ በኋላም ተቀጥተው ለማሻሻያ ስልጠና የሚላኩ አሽከርካሪዎችን በማሰልጠን ስለሆነ ይህን ጥያቄ ከብዙ ሰው አፍ ሰምቼዋለሁ። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ መልሼ የምጠይቀው «ስንት ነጥብ ያስይዝብሃል?» ብዬ ነው። አብዛኞቹ አያውቁም። ገንዘቡ አንድ ቀን ተከፍሎ ያልቃል። በመንጃ ፈቃድ መዝገባችሁ ላይ የሚያርፈው ነጥብ ግን ለዓመታት ይከተላችኋል፤ የኢንሹራንስ አረቦናችሁን ያስወድዳል፣ ሹፌርነት የሚጠይቅ ሥራ ስታመለክቱ ይታያል፣ ሲጠራቀም ደግሞ መንጃ ፈቃዱን ራሱን ያሳጣችኋል። ስለዚህ የምመክራችሁ ስለ ነጥቡ ነው።

አሠራሩ ከአገር አገር ይለያያል። ብሪታንያ ውስጥ ነጥብ ይደመራል፤ በ3 ዓመት ውስጥ 12 የሞላበት ሰው ፍርድ ቤት ቀርቦ ቢያንስ ለ6 ወር ከመንዳት ሊታገድ ይችላል። ጀርመንም ይደመራል፤ 8 ላይ ሲደርስ መንጃ ፈቃዱ ይነጠቃል። ፈረንሳይና ስፔን በተቃራኒው 12፣ ጣልያን ደግሞ 20 ነጥብ አስቀድመው ይሰጡና ጥፋት በተፈጸመ ቁጥር ይቀንሳሉ፤ ዜሮ የደረሰ መንጃ ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል። አሜሪካ ውስጥ እያንዳንዱ ግዛት የየራሱ ሕግ አለው። የምትነዱበትን አገር ወይም ግዛት ሕግ ከጓደኛ ወሬ ሳይሆን ከመንጃ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ፈልጉት።

እናንተን በተለይ የሚመለከት አንድ ነገር አለ፤ ብዙዎቹ አዲስ አሽከርካሪዎች የሚሰሙት ከረፈደ በኋላ ነው። ሕጉ ለጀማሪ ያለው ትዕግሥት አጭር ነው። ብሪታንያ ውስጥ የመጀመሪያ መንጃ ፈቃዱን ካወጣ 2 ዓመት ያልሞላው ሰው 6 ነጥብ ከደረሰበት ፈቃዱ ይሰረዛል፤ እንደገና እንደ ለማጅ ጀምሮ የጽሑፉንም የተግባሩንም ፈተና ማለፍ አለበት። እዚያው አገር እየነዱ ስልክ በእጅ ይዞ መጠቀም ብቻውን 6 ነጥብ ያስይዛል። ማለትም አንድ ጊዜ ስልኩን አንስቶ መልእክት ያየ ወጣት መንጃ ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል። ፈረንሳይ ለጀማሪ የምትሰጠው የሌላውን ሰው ግማሽ፣ 6 ነጥብ ነው። ጀርመን ውስጥ የጀማሪ የሙከራ ጊዜ 2 ዓመት ሲሆን፣ በዚያ ውስጥ አንድ ከባድ ጥፋት የፈጸመ የሙከራ ጊዜው ወደ 4 ዓመት ይረዝምበታል፣ ስልጠና እንዲገባም ይገደዳል። «የመጀመሪያዬ ስለሆነ ያልፉኛል» ብላችሁ እንዳትዘናጉ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነጥብ በጣም የሚከብድባቸው ዓመታት ናቸው።

አሁን ወረቀቱን አውጡና ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት። ከፊቱ ስማችሁ፣ የሰሌዳ ቁጥሩ፣ ቦታው፣ ሰዓቱ፣ የተጣሰው የሕግ አንቀጽ አለ። እነዚህን አንድ በአንድ አመሳክሩ። ከዚያ ገልብጡት፤ ሰው የማያነበው ጀርባውን ነው፤ ዋናው ነገር የሚገኘውም ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። እስከ መቼ መልስ መስጠት እንዳለባችሁ፣ ምን ምን ምርጫ እንዳላችሁና እያንዳንዱ ምርጫ ምን እንደሚያስከትል በደቃቃ ፊደል ተጽፎ ታገኙታላችሁ። የመጨረሻውን ቀን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ፤ ከዚያ ቀን አንድ ሳምንት ቀደም ብሎም ማስታወሻ ይደውልላችሁ።

አንድ ሰልጣኜ፣ ጨዋና ታታሪ ልጅ፣ በፍጥነት ተቀጥቶ ማታውኑ ከአልጋው ሳይወርድ በስልኩ ከፈለ። ቶሎ መክፈል ጥሩ ዜግነት መስሎት ነበር። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሲቀጣ ወደ እኔ ስልጠና መጣ፤ የቀድሞውን ወረቀት ቅጂ አሳየኝና አብረን ጀርባውን አነበብን። ሦስተኛዋ ሳጥን ላይ ምልክት አድርጎ ቢልክ ኖሮ ስልጠና ወስዶ ያለ ነጥብ መውጣት ይችል ነበር። ልጁ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ዝም አለ። በብዙ አገር መክፈል ማለት ጥፋቱን ማመን ማለት ነው። ገንዘቡ በገባበት ቅጽበት ክርክሩም ይዘጋል፣ የስልጠናው በርም ይዘጋል፣ ነጥቡም ይመዘገባል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ችኮላ ነው። ቀነ ገደቡ እስኪደርስ ያለው ጊዜ ለማሰብ የተሰጣችሁ ነው፤ ተጠቀሙበት።

ጥፋቱን ፈጽማችሁት ከሆነ መጀመሪያ የምትጠይቁት ስለ ስልጠናው ይሁን። አብዛኛው ሰው ስልጠናን እንደ ውርደት ያየዋል፤ እኔ ግን ሕጉ ለአሽከርካሪ ከሰጠው ዕድል ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው እላለሁ። ብሪታንያ ውስጥ ፍጥነቱ ከወሰኑ እጅግ ላላለፈና ባለፉት 3 ዓመታት ተመሳሳይ ስልጠና ላልወሰደ ሰው ፖሊስ በነጥቡና በገንዘቡ ምትክ ስልጠና ሊያቀርብለት ይችላል። ካሊፎርኒያ ውስጥ በ18 ወር አንድ ጊዜ የአጥፊዎች ትምህርት ቤት መግባት ይፈቀዳል፤ ጥፋቱ መዝገብ ላይ ይቀራል፣ ግን ለኢንሹራንስ አይታይም። ቴክሳስ ውስጥ የመከላከል አነዳድ ስልጠና በ12 ወር አንድ ጊዜ ክሱን ሊያዘጋ ይችላል። ፈረንሳይ ደግሞ ነጥቡ ከተቀነሰ በኋላም ቢሆን የ2 ቀን ስልጠና የወሰደ እስከ 4 ነጥብ መልሳ ትሰጣለች፣ በዓመት አንድ ጊዜ። ጀርመን ውስጥ ከ5 ነጥብ ያልበለጠ ያለበት ሰው በፈቃዱ ሰልጥኖ 1 ነጥብ ያስቀንሳል፤ ይህን ማድረግ የሚችለው ግን በ5 ዓመት አንዴ ብቻ ነው።

አንዳንዶች «ዕድሉን ለሚቀጥለው ከባድ ጥፋት ላስቀምጠው» ይላሉ። እኔ አልስማማም። ዛሬ የቀረበላችሁን ስልጠና ዛሬ ውሰዱ። ነገ የሚመጣው ጥፋት ለስልጠና የማይፈቀድ ሊሆን ይችላል፤ ከዚህም በላይ ስልጠናውን በቅን ልብ የተከታተለ ሰው ቀጣዩን ጥፋት የመፈጸም ዕድሉ ይቀንሳል ብዬ ከልቤ አምናለሁ። ስልክ ሳትነኩ፣ ጥያቄ እየጠየቃችሁ ተከታተሉ።

በሹፌርነት እንጀራችሁን የምታገኙ ወይም ለማግኘት የምታስቡ ካላችሁ ግን ተጠንቀቁ። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ የንግድ መኪና መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው የፈጸመው የመንዳት ጥፋት በስልጠና እንዲሸፈን አይፈቅድም፤ የራሱን የቤት መኪና ሲነዳ የተቀጣ ቢሆን እንኳ። ለእናንተ የጠበቃ ምክር ገንዘቡ አይቆጭም።

ስለ መከራከር ደግሞ። ጥፋቱን አልፈጸማችሁ ከሆነ ተከራከሩ፤ መብታችሁ ነው። ግን መንገድ ዳር ከፖሊሱ ጋር አትሟገቱ። እዚያ ያሸነፈ ሰው አላየሁም፤ የተናገሩት ነገር ማስታወሻ ደብተር ላይ ሰፍሮ ኋላ የተነበበባቸውን ግን አይቻለሁ። በትሕትና ወረቀቱን ተቀበሉ፣ ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ቦታው ተመለሱ። የፍጥነት ወሰኑን የሚያሳየው ምልክት በዛፍ ቅርንጫፍ ተሸፍኖ ከሆነ ፎቶ አንሱ፤ ፎቶው ከሹፌሩ ዓይን ከፍታና ከሚመጣበት አቅጣጫ የተነሳ ይሁን። ከመንገድ ዳር ቆማችሁ ወደ ላይ አንጋጣችሁ ያነሳችሁት ፎቶ ለዳኛው ምንም አይነግረውም። ቅርንጫፉ በሳምንቱ ሊቆረጥ ስለሚችል አትዘግዩ። አብሯችሁ የነበረ ሰው ካለ ያየውን ትዝታው ሳይደበዝዝ በራሱ እጅ ጽፎ ይፈርም። ወረቀቱ ላይ አንድ ፊደል ተሳስቷል ብላችሁ ብቻ ግን ብዙ ተስፋ አታድርጉ፤ እንዲህ ያለ ስህተት በብዙ ፍርድ ቤት በቀላሉ ይታረማል።

በክርክርና በማመን መካከልም መንገድ አለ። የአሜሪካ ግዛቶች ብዙዎቹ ዓቃቤ ሕጉ ክሱን ነጥብ ወደማያስይዝ ጥፋት፣ ለምሳሌ ከመኪናው ዕቃ ጉድለት ጋር ወደተያያዘ ጥፋት፣ እንዲለውጥ መጠየቅ ይፈቅዳሉ። ንጹሕ መዝገብ ያለው ወጣት አስቀድሞ ቀርቦ በአግባቡ ሲጠይቅ የሚሰማው ያገኛል። የተቀጣችሁት ለተቃጠለ መብራት ከሆነ ደግሞ አሠርታችሁ ማስረጃውን አቅርቡ፤ ብዙ ቦታ በዚያው ይዘጋል።

አሁን በጣም የሚያሳስበኝ ላይ ደረስኩ። ነጥብ ሊሞላበት የደረሰ ሰው ቤተሰቡን «አንተ ነበርክ የምትነዳው በልልኝ» ብሎ ይለምናል። እናት ለልጇ፣ ሚስት ለባሏ ትሸከማለች። ፍቅር ይመስላል፤ ሕጉ ግን ፍትሕን ማዛባት ይለዋል። ክሪስ ሂዩን የተባለው እንግሊዛዊ ፖለቲከኛ እ.ኤ.አ. በ2003 የፍጥነት ካሜራ ይዞት 3 ነጥቡን በወቅቱ ሚስቱ የነበረችው ቪኪ ፕራይስ ወሰደችለት። በዚያው ዓመት በሌላ የመንዳት ጥፋት መንጃ ፈቃዱ መታገዱ አልቀረም። ዓመታት አለፉ፣ እሱም ሚኒስትር ሆነ፣ ትዳራቸው ፈረሰ፣ ነገሩም ወጣ። በ2012 ከሚኒስትርነቱ ለቀቀ፤ በ2013 ሁለቱም እያንዳንዳቸው 8 ወር እስር ተፈረደባቸው። በእናንተ ስም የተመዘገበውን መኪና ሌላ ሰው ይነዳው ከነበረ እውነቱን ተናገሩ፤ እናንተ ትነዱት ከነበረም እንዲሁ። ማንም የሚወዳችሁን ሰው እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ አታስፈርሙ፣ እናንተም አትፈርሙ።

ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ጥሎ መርሳትም አለ። መልስ ያልተሰጠበት ቅጣት በራሱ ጊዜ አይሞትም፤ ተጨማሪ ቅጣት፣ እገዳ፣ አንዳንድ ቦታም የመያዣ ትእዛዝ ያስከትላል። ታግዶ መንዳት ደግሞ ከመጀመሪያው ጥፋት በብዙ የሚበልጥ ወንጀል ነው።

ይህን ሁሉ ካደረጋችሁ በኋላ አንድ ጥያቄ ለራሳችሁ መልሱ፦ ምን እያደረጋችሁ ነበር የተያዛችሁት? ስልጠና ላይ ሁሉንም በጽሑፍ እንዲመልሱ አደርጋቸው ነበር፤ ወረቀቱን የሚያነበው ራሳቸው ብቻ ናቸው። የአብዛኛው ወጣት መልስ ወይ ፍጥነት ነው ወይ ስልክ።

ፍጥነት ከሆነ አብረን እናስላ። 10 ኪሎ ሜትር መንገድ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 12 ደቂቃ ይፈጃል፤ በ60 ደግሞ 10 ደቂቃ። ያውም መብራትና መጨናነቅ ከሌለ ነው። ለዚህች 2 ደቂቃ ሲባል መኪናው ይዞት የሚሄደው የግጭት ኃይል በ44 በመቶ ያድጋል፣ ምክንያቱም ኃይሉ የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ነው። መንገድ የሚያቋርጥ ሰው አካል ላይ ይህ ልዩነት የሞትና የመትረፍ ልዩነት ሊሆን ይችላል። ስልክ ከሆነም፣ በሰዓት 60 እየነዳችሁ ለ2 ሴኮንድ ዓይናችሁን ከመንገዱ ካነሳችሁ 33 ሜትር ያህል ሳታዩ ሄዳችኋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓመት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ እንደሚሞት ገልጿል፤ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 የሆኑትን ከምንም ነገር በላይ የሚገድላቸውም ይኸው ነው። እናንተ የዚያ ዕድሜ ልጆች ናችሁ። ነጥቡ እንዲቀርላችሁ የምለፋው መዝገባችሁ ንጹሕ እንዲሆን ብቻ አይደለም፤ በሕይወት እንድትቆዩልኝም ነው። ስልኩን ሞተር ሳታስነሱ በፊት ድምፁን አጥፍታችሁ የኋላ ወንበር ላይ አድርጉት፣ እጃችሁ እንዳይደርስበት። ከቤት 10 ደቂቃ ቀድማችሁ ውጡ።

የመጨረሻው ሥራ ጉዳዩ ካለቀ በኋላ የሚሠራ ነው። ስልጠና ወስዳችሁ ከሆነ የምስክር ወረቀቱን ለፍርድ ቤቱ የሚያቀርበው ማን እንደሆነ ጠይቁ፤ አንዳንድ ቦታ፣ እንደ ቴክሳስ፣ ኃላፊነቱ የእናንተው ነው፣ ቀነ ገደብም አለው። ወር ሁለት ወር ቆይታችሁ የመንጃ ፈቃድ መዝገባችሁን ግልባጭ አውጡና ነጥብ አለመግባቱን በዓይናችሁ እዩ። መሥሪያ ቤቶች ይሳሳታሉ፤ የተዘጋ ክስ እንደ ጥፋት ሊመዘገብ ይችላል፣ ኢንሹራንሱም የሚያምነው መዝገቡን ነው። ስህተት ካገኛችሁ በጽሑፍ አመልክቱ፣ የተቀበላችሁን ሠራተኛ ስምና ቀኑን ያዙ፤ ከማመልከቻው ጋር የምስክር ወረቀቱን ቅጂ አያይዙ፣ ዋናውን ግን ለማንም አትስጡ።