ኢኮል ላይ የሚሽከረከር ከርነል፦ 4ቷን መቼ ትደምራለህ?

«ለክፍል በሪስክ ፋይቭ (የፕሮሰሰር ዓይነት ነው) የምሠራው ትንሽ ከርነል፣ ማለትም የኦፕሬቲንግ ሲስተም እምብርት፣ አንዴ ሲነሣ ጭጭ ይላል፣ ሲሳካለት ደግሞ የጨመርኩት ሲስተም ኮል (ፕሮግራም ከርነሉን አገልግሎት የሚጠይቅበት ጥሪ) ያንኑ መስመር ያለማቋረጥ ያትማል» ላልከው የድሬዳዋ ሳቢያን ልጅ፦ ሁለቱ የተለያዩ ችግሮች ናቸው፣ አታቀላቅላቸው። መነሻህ ኤክስቪ6 (ለማስተማሪያ የተሠራው ትንሽ ኦፕሬቲንግ ሲስተም) ነው ብዬ ነው የምጽፈው።

1. ጭጭ የሚለው። ኪዩኢሙን (ከርነልህን የምታስኬድበትን የኮምፒውተር አስመሳይ) ስታስነሣ «ባዮስ ነን» (-bios none) የሚለውን አማራጭ ካልሰጠኸው ኦፕን ኤስቢአይ የተባለው ማስነሻ ሶፍትዌር የሜሞሪ አድራሻ ሄክሳ 80000000 ላይ ይቀመጥና ከከርነልህ ጋር ይጋጫል። ቀጥሎ ስታኩን፣ ፋንክሽኖች ጊዜያዊ ዳታ የሚያስቀምጡበትን ሜሞሪ፣ እይ። ስታክ የሚያድገው ወደ ታች ስለሆነ ኤስፒ (የስታኩን ጫፍ የሚያመለክተው ሬጅስተር) መቆም ያለበት ላይኛው ጫፍ ላይ ነው። ለያንዳንዱ ሃርት (የፕሮሰሰር ኮር) 4096 ባይት ከያዝክ፣ የሃርቱ ቁጥር ላይ 1 ደምር፣ በ4096 አባዛ፣ ከስታኩ መነሻ ላይ ጨምር። ያቺን 1 ከረሳሃት ሃርት 0 ገና የመጀመሪያዋን ፋንክሽን ሲጠራ ከስታኩ በታች ያለ የሌላ ዳታ ላይ ይጽፋል። የማን ዳታ እንደሚሆን ኮምፓይል ባደረግክ ቁጥር ስለሚቀያየር ነው አንዴ ተነሥቶ አንዴ የሚቀረው።

ስትመረምር ሃርቱን ከ3 ወደ 1 አውርደው። አቦ፣ በድሬ ቀትር ላፕቶፑን ለምን ታቃጥለዋለህ? ፋኑ ስላጉረመረመ ብቻ ግን «ሉፕ ውስጥ ገባ» አትበል፤ በቆዩት የኤክስቪ6 እትሞች ሼጁለሩ (ተራ አስያዡ) ሥራ ሲያጣም ዝም ብሎ ይዞራል።

2. የሚደጋግመው። ዋናው ነገር እዚህ ነው። ፕሮግራሙ ኢኮል፣ ማለትም ወደ ከርነሉ የምታሻግረውን ትእዛዝ፣ ሲል ፕሮሰሰሩ ኤስኢፒሲ በተባለው ሬጅስተር ውስጥ የሚያስቀምጠው የራሷን የኢኮልን አድራሻ ነው፣ የሚቀጥለውን አይደለም። 4 ካልደመርክበት ስትመለስ እዚያችው ኢኮል ላይ ታርፋለህ፣ መስመሩም እንደገና ይታተማል። «ኮዴ ባለ 2 ባይት ትእዛዝ አለበት» ብለህ 2 እንዳትደምር፤ ኢኮል ሁሌም 4 ባይት ናት። 2 ብትደምር መሃሏ ላይ ትወድቃለህ፣ እዚያ ያለው ደግሞ ባዶ ዜሮ ነው፤ ኤስኮዝ (ወደ ከርነል የተገባበትን ምክንያት የሚይዘው ሬጅስተር) 2 ይሆንብሃል፣ ማለትም ሕገወጥ ትእዛዝ።

ስላይዶቹ ላይ «4 ደምር» ተብሎ ይታለፋል፤ ሰው የሚያስለቅሰው ግን መቼ የሚለው ነው። ኤስኮዝ 8 (ከተጠቃሚ ፕሮግራም የመጣ ኢኮል) መሆኑን እንዳየህ፣ ሲስተም ኮሉን ከመጥራትህ በፊት ደምር። በኋላ ከደመርክ ፎርክ (ፕሮሰስን ቀድቶ ልጅ የሚፈጥረው ኮል) የሚገለብጠው ትራፕፍሬም (የፕሮሰሱ ሬጅስተሮች የተቀመጡበት ቦታ) ገና ኢኮሏን እንዳመለከተ ነው። ልጁ ፕሮሰስ ሲነቃ የኮሉን ቁጥር በሚይዘው ሬጅስተር ኤ7 ውስጥ ያው የፎርክ ቁጥር አለ፣ እሱም ይፎርካል፣ የሱም ልጅ እንዲሁ። ፎርክ ለልጁ መመለስ ያለበትን ዜሮ የሚቀበል ልጅ ስለማይኖር ሼሉ (ትእዛዝ የምትጽፍበት ፕሮግራም) አይመጣም፣ 64ቱ የፕሮሰስ ቦታ ግን ጢም ይላል። ኤግዜክ (አዲስ ፕሮግራም የሚጭነው ኮል) ደግሞ በተቃራኒው ይጎዳል፦ እሱ አዲሱን የፕሮግራም መነሻ ጽፎልህ ሳለ አንተ 4 ትጨምርበትና ስታኩን ዝቅ የምታደርገው ትእዛዝ ትዘለላለች። ፎርክን የማይነካ ፈተና ብቻ የሞከረ ሰው ይህን ሳያይ ፕሮጀክቱን ያስረክባል!

3. አዲሱ ኮል 21ዱ ነባሮች ላይ ሲጨመር 22ኛ ነው። ቁጥሩን፣ የተጠቃሚውን ዴክላሬሽን፣ ስታቡን (ኢኮልን የሚጠራውን አጭር ኮድ) የሚያመነጨውን የፐርል ፋይል፣ የፋንክሽኖቹን ሠንጠረዥና ራሱን ፋንክሽኑን፣ አምስቱንም አዳርስ። ሠንጠረዡን ብትረሳ ኮምፓይሉ ያልፍና «የማይታወቅ ሲስተም ኮል 22» የሚል መልእክት በእንግሊዝኛ ይመጣል፣ የሚመለሰውም -1 ነው። ከተጠቃሚ የመጣ ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ) ካለ በቀጥታ አትንካው፤ ዳታ ለማምጣት ኮፒኢን፣ ለመላክ ኮፒአውት የተባሉትን የከርነሉን ፋንክሽኖች ተጠቀም። የከርነሉ ፔጅ ቴብል (የአድራሻ መተርጎሚያ ሠንጠረዥ) ያንን አድራሻ አያውቀውም፣ ስታነብ ኤስኮዝ 13፣ ስትጽፍ 15 ይሆንብሃል።

አሁን ኢኮሎችን የሚቀበለው የከርነል ፋንክሽን ዩዘርትራፕ ላይ ብሬክ ፖይንት (ማቆሚያ ነጥብ) አድርግና ኤስኢፒሲን ከዲስአሴምብሊው (የትእዛዞቹ ዝርዝር ከነአድራሻቸው) ጋር አስተያይ። ካልገባህ ዩዘርትራፕህን እዚሁ ለጥፈው፤ የስክሪን ፎቶ ሳይሆን ጽሑፉን።